ለሰው ፎቶ ሮው ይሻላል ወይስ ጄፔግ?

በኮምፒውተር ሊታረም የታሰበ የፊት ፎቶግራፍ በየትኛው የፋይል ዓይነት ይነሳ ለሚለው ጥያቄ ሚዛኑን የሚደፋው ከሁሉ በላይ የቆዳ ቀለም ጉዳይ ነው።

ጄፔግ፦ ካሜራው ራሱ አዘጋጅቶና አጭቆ የሚያስቀምጠው የምስል ፋይል ነው። ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 የድምቀት ደረጃዎችን ብቻ ይይዛል፤ ዋይት ባላንሱንም (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ) ካሜራው ራሱ ወስኖ የተረፈውን መረጃ ይጥለዋል።

ሮው፦ ካሜራው የቀረጸውን መረጃ ሳያዘጋጅ እንዳለ የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። በ14 ቢት (ቢት የዲጂታል መረጃ ትንሹ መለኪያ ነው) ሲቀረጽ ደረጃዎቹ እስከ 16,384 ይደርሳሉ፤ ዋይት ባላንሱም ፎቶው ከተነሳ በኋላ እንደ አዲስ ሊመረጥ ይችላል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በመስኮት ብርሃን የተነሳ፣ አንድ ጉንጩ በጥላ የተሸፈነ ፊት ሲታረም ነው። ያ ጥላ በጄፔግ ላይ በጣም እንዲፈካ ሲደረግ ከብርሃን ወደ ጨለማ የሚደረገው ሽግግር ልስላሴውን አጥቶ እርከን ሊሠራ፣ ከአገጭ ሥርም የቀለም ነጠብጣብ ብቅ ሊል ይችላል፤ ሮው ግን ይህን እርማት በእጅጉ በተሻለ ሁኔታ ይሸከማል። ይሁን እንጂ ግንባር ላይ ፈጽሞ ነጭ ሆኖ የተቃጠለን ነጸብራቅ ሮውም ቢሆን አይመልሰውም፤ ሮው ሁሉን ያድናል ብሎ በግዴለሽነት ማንሳት ከንቱ ድፍረት ነው።

በወጪ ረገድ ሮው በሜሞሪ ካርድና በሃርድ ዲስክ ላይ እጥፍ ድርብ ቦታ ይወስዳል። ጄፔግ ቀላል ነው፤ በየትኛውም ስልክ ይከፈታል።

ወደ ስጋቱ ስንመጣ፣ ጄፔግ ታርሞ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ የሮው እርማት ግን እንደ ላይትሩም ባሉ ፕሮግራሞች ለብቻው ስለሚመዘገብ ዋናው ምስል አይነካም።

ፎቶው ወዲያው የሚላክ ከሆነ ወይም የስቱዲዮው መብራት አስቀድሞ በሚገባ ከተስተካከለ ጄፔግ ይበቃል። ብርሃኑ የተዘበራረቀ ሲሆን ወይም ምስሉ በትልቁ ታትሞ የሚሰቀል ሲሆን ሮው ይመረጣል፤ መወሰን ለሚያዳግተው ደግሞ ብዙ ካሜራዎች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስቀምጣሉ።