ደሴ ላይ የሃይሉክስ ሴሚያስ ያሠራሁባቸው ባለሙያዎች

ለቤተሰብ ጥየቃ ደሴ መጥቶ ፒክአፕ የሚከራይ ሰው ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ጎንበስ ብሎ የኋላ ጎማዎቹን የውስጥ ገጽ ይመልከት። እኔ የተከራየሁት ሃይሉክስ በግራ በኩል ጥቁር እርጥበት ይዞ ነበር፤ ሽታው የዲፈረንሻል ዘይት ነው። አከራዩ «የቆየ ነው፣ ምንም አይልም» አለኝ። በዚህ አልስማማም። በሴሚያሱ፣ ማለት በአክስሉ ውስጥ ሆኖ ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ፣ ዙሪያ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ታምቡሩ፣ የፍሬኑ ከበሮ፣ ይገባና የፍሬኑን ሸራ ያርሰዋል፤ የራሰ ሸራ ደግሞ አይዝም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር ርቀት መንገዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ፍሬን ልጆች ጭኖ መውረድ ነፍስ ማጥፋት ነው።

መጀመሪያ የገባሁበት ጋራዥ ሴሚያሱ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ መሬት ላይ አጋድሞ በመዶሻና በመሮ ሊያወጣው ተነሣ። አስቆምኩት። አዲስ ኩሽኔታም በመዶሻ ከተገባ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ የሚሽከረከሩበትን ገጽ ይሰረጉደዋል፤ ብዙም ሳይሄድ መጮህ ይጀምራል።

ቧንቧ ውሃ አካባቢ ያገኘሁት ሁለተኛው ጋራዥ ግን ያኮራል። ሠራተኛው ወጣት ነው፤ «አብሽሩ ጋሼ፣ ቁጭ ብለው ይዩ» ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፈ፤ በክሪክ አንሥቶም መኪናውን በክሪኩ ላይ አልተወውም፣ በብረት መቆሚያ ላይ አሳረፈው። ጎማውንና ታምቡሩን አወረደ፤ የፍሬኑን ቱቦ ፈትቶ አቧራ እንዳይገባ አፉን ደፈነ፤ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አላቀቀ። ከዚያ የፍሬኑን የጀርባ ሳህን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን አራት ዳዶዎች ፈትቶ ሴሚያሱን ቀጥ አድርጎ ሳበው፣ የዘንጉ ጥርሶች በአክስሉ አፍ ያለውን ሲል እንዳይቧጭሩት። ቀኙም ይከፈት ያለው እሱ ነው፤ እዚያም ሲሉ ደርቆ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩለት መንስኤውን መፈለጉ ነው። በአክስሉ አናት ላይ ያለችውን መተንፈሻ ነቅሎ አሳየኝ፤ በጭቃ ተደፍናለች። አክስሉ ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በተቃራኒው ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። «ሲሉን ብቻ ብቀይርልዎ ተመልሰው ይመጡ ነበር» አለኝ። ውጭ አገር በከባድ መኪና ጥገና ላይ እየሠራሁ ኖሬአለሁ፤ ይህን ሳይጠየቅ የሚያይ ባለሙያ እዚያም ብዙ አላጋጠመኝም።

ኩሽኔታውን ገፍቶ የሚያወጣና የሚያስገባ ፕሬስ (መጫኛ ማሽን) ስለሌለው ኮምቦልቻ ወዳለ ቶርኖ ቤት፣ የብረት ማሽን ሥራ ቤት፣ ላከኝ። በባቲ በኩል የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚያልፉባት ከተማ ስለሆነች እንዲህ ያለውን ሥራ ታውቅበታለች። የሚኒባሱ ረዳት ሁለቱን ሴሚያሶች በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር አስቀመጠልኝ፤ የዕቃ ብሎ ምንም አልጠየቀኝም። ቶርኖ ቤቱ ሴሚያሶቹን አሽከርክሮ አለመጉበጣቸውን አረጋገጠ፤ ሲሉ የሚያርፍበትን ገጽ በጣቱ ዳስሶ ጉድጓድ እንደሌለው አሳየኝ። የመለዋወጫ ሱቁ የሻንሲ ቁጥር ጠይቆ ነው ኩሽኔታና ሲል የሰጠኝ፤ ሁለት ዓይነት ጥራት እንዳለም ሳይደብቅ ነገረኝ።

ደሴ ተመልሼ ሲገጠም ወጣቱ የሲሉን ከንፈር ግራሶ ቀባው፤ ዳዶዎቹን በተሻጋሪ ቅደም ተከተል በመለኪያ ቁልፍ አጠበቀ። የፍሬን ሸራውን በሁለቱም በኩል ቀየረው፣ በአንድ በኩል ብቻ ከተቀየረ መኪናው ወደ ጎን ይስባልና። አየሩን ከፍሬኑ አስወጣ፤ ባለ 80/90 የማርሽ ዘይትም እስከ መሙያው ቀዳዳ ሞላ። በማግስቱ ሐረጎን ወርጄ ሁለቱን ታምቡሮች ስፈትሽ ሙቀታቸው እኩል ነበር።

ጉድለቱ አንድ ነው፦ የተቀየረውን ዕቃ ዘርዝሮ የሚጽፍ ደረሰኝ አልሰጠኝም። ከአከራዩ ጋር ወጪውን ስተሳሰብ ያለ ወረቀት ብዙ ተከራክሬአለሁ፤ በመጨረሻ ከኪራዩ ቀነሰልኝ። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ወረቀት ቢጨምርበት ማንም አይስተካከለውም። ወደ ኮምቦልቻው ቶርኖ ቤት የምትሄዱ ደግሞ ጠዋት ሂዱ፤ ዓርብ ከሆነ ለጁምዓ ሶላት ይዘጋል።