የእጅ ፓምፕ፣ የቫኪዩም ታንክ ወይስ ኤሌክትሪክ? የሸራ ጀልባ ሞተር ዘይት መምጠጫዎች ንጽጽር

መኪና ላይ ዘይት ለመቀየር ታፖውን ከሥር ፈትቶ ማፍሰስ ይበቃል። የሸራ ጀልባ ሞተር ግን ከመውረጃው ደረጃ ሥር ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለሚቀመጥ የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ታፖ ብዙ ጊዜ እጅ አይደርስበትም። ቢደርስበትም ከሥሩ መቀበያ ዕቃ የሚያስገባ ክፍተት የለም። ስለዚህ አሮጌው ዘይት የሚወጣው ከላይ ነው፤ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይገባና ይመጠጣል። ለዚህ የሚሸጡት ዕቃዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው።

ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሞተራችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ መመሪያው ላይ ተመልከቱ። በአሮጌ ጀልባዎች ላይ በብዛት ከሚገኙት የያንማር ዲዝሎች ባለ አንድ ፒስተኑ 1ጂኤም10 1.3 ሊትር፣ ባለ ሁለቱ 2ጂኤም20 2 ሊትር፣ ባለ ሦስቱ 3ጂኤም30 ደግሞ 2.6 ሊትር ይይዛሉ። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ከሦስት ሊትር አይበልጥም። ሻጮች ስለ ፓምፑ ፍጥነት ብዙ ያወራሉ፤ ለሦስት ሊትር ግን ፍጥነት ዋና ጉዳይ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ዘይቱ ወደ ጀልባው ወለል ሥር ሳይፈስ መውጣቱ ነው።

የናስ የእጅ ፓምፕ

የብስክሌት ጎማ መንፊያ ይመስላል፤ ዋጋው ከሁሉም ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። ችግሩ ሁለቱንም እጅ መያዙ ነው። አንድ እጅ ፓምፑን ይዞ ሌላው ሲስብና ሲገፋ፣ መውጫው ቱቦ ከጀሪካኑ አፈትልኮ ጥቁር ዘይት ይረጫል። ይህን የምትገዙ ከሆነ መውጫውን ቱቦ ከጀሪካኑ አንገት ጋር በሽቦ ወይም በማሰሪያ አጥብቃችሁ እሰሩት። አንዳንድ ሞተሮች ላይ እንዲህ ዓይነቱ ፓምፕ በቀጥታ ከኮፓው ጋር ተገጥሞ ይገኛል። እንዲያ ከሆነ ሌላ ምንም መግዛት አያስፈልግም፤ የፒስተኑን ጎማ መቀየርና ቱቦው አለመሰንጠቁን ማየት ይበቃል።

የቫኪዩም ታንክ

ከስድስት እስከ ስምንት ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ወይም የብረት ዕቃ ነው። እጀታውን ጥቂት ጊዜ ትስባላችሁ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፣ ከዚያ ዘይቱ በራሱ ጊዜ እየተሳበ ይገባል። እጃችሁ ነፃ ስለሚሆን ቱቦውን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ የኮፓውን ጥግ መፈለግ ትችላላችሁ። ዘይቱ ከገባበት ዕቃ ሳይገለበጥ ተሸፍኖ ወደ ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያው) የአሮጌ ዘይት ማጠራቀሚያ ይሄዳል። መለኪያ መስመር ያለው ከሆነ የወጣውን መጠን ታያላችሁ፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። 2 ሊትር ከሚይዝ ሞተር 1.4 ብቻ ከወጣ፣ ሞተሩ በፊትም ጎድሎበት ካልነበረ በስተቀር ቱቦው ታች አልደረሰም ማለት ነው። ለካምቢዮም ያገለግላል፤ በብዙ ትንንሽ ያንማሮች ላይ ያለው ኬኤም2ፒ የተባለው ካምቢዮ የሚይዘው 0.3 ሊትር ብቻ ነው።

ድክመቱ ክዳኑ ላይ ነው። ኦሪንጉ (ክዳኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ከደረቀ ወይም አሸዋ ከያዘ አየር ያስገባል፣ ዘይቱም መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ርካሽ የፕላስቲክ ታንክ ደግሞ ከልክ በላይ ሲሳብ ጎኑ ወደ ውስጥ ይገባል።

ባለ 12 ቮልት የኤሌክትሪክ ፓምፕ

ሁለት ሞተር ወይም ተጨማሪ ጄኔሬተር ላለው ጀልባ፣ በአንድ ጊዜ አሥር ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ሰው ዋጋውን ያወጣል። ለአንድ ትንሽ ሞተር ግን አንመክረውም። ስትገዙ ውስጡን ጠይቁ፤ ባለ ጥርስ ፓምፕ ወፍራም ዘይትን ይችላል፣ ባለ ጎማ ክንፉ ግን ዘይት አልቆ በደረቁ ከዞረ ጎማው ይቆራረጣል። ጎማው ናይትራይል መሆን አለበት፤ ለውኃ ፓምፕ የሚሠራው ኒዮፕሪን በዘይት ያብጣል። መስመሩ ላይ ፊውዝ ይኑር። በእንዲህ ዓይነት ፓምፕ ቤንዚን መምጠጥ ፍንዳታ ያስከትላልና ፈጽሞ አትሞክሩት። በድሪል የሚዞሩት ትንንሽ ፓምፖች ርካሽ ናቸው፤ ወፍራም ዘይት መሳብ ይከብዳቸዋል፣ በዘንጋቸው ዙሪያም ያንጠባጥባሉ። እነሱን ተዋቸው።

ከፓምፑ ይልቅ ቱቦው

የትኛውንም ብትገዙ ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ላይ ነው። የዘይት መለኪያው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ የቱቦው የውጭ ስፋት ካልተለካ አይገባም፤ መለኪያውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን በካሊፐር ለኩ። በጣም ለስላሳ ቱቦ ሲሳብ ይጨፈለቃል፣ በጣም ደረቅ የሆነው ደግሞ ኮፓው ሥር ሲደርስ ወደ ላይ ይታጠፍና ጫፉ ከዘይቱ በላይ ይቀራል። መለኪያውን ከቱቦው ጎን አስተኝታችሁ ርዝመቱን በፕላስተር ምልክት አድርጉ፤ ታች ሲነካ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ አድርጉት። ጫፉን በሰያፍ መቁረጥ ከኮፓው ወለል ጋር እንዳይጣበቅ ይረዳል።

ከመምጠጣችሁ በፊት ሞተሩን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉት። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወጣል። የሚያቃጥል ዘይት ግን የፕላስቲክ ታንክና ቱቦ ያለሰልሳል። አውቶማቲኩን የወለል ውኃ ፓምፕ ማጥፋት አትርሱ፤ ዘይት ቢፈስ ያለ እናንተ ፈቃድ ወደ ባሕር ይተፋዋል። ፊልትሮውን ከመፍታታችሁ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሉት፤ በጎን ተኝቶ የተገጠመ ከሆነ ያለ ከረጢት ወለሉን ሳያበላሽ አይወጣም። የአሮጌው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን እዩ፣ የአዲሱን ጎማ በዘይት ቅቡት፣ ጎማው ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር አጥብቁት።

አዲሱን ዘይት ከመመሪያው መጠን ጥቂት አሳንሳችሁ ጨምሩ፤ ኮፓው ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ አሮጌ ዘይት ይቀራል። ከልክ ካለፈ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ በመተንፈሻውም በኩል ወደ አየር መሳቢያው ይገባል። ሞተሩን አስነሥታችሁ ፊልትሮው ከሞላ በኋላ አጥፉና ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ። የወጣው ዘይት የወተት ሻይ መልክ ካለው ውኃ ገብቶበታል፤ መንስኤው ሳይገኝ ጀልባውን ይዛችሁ አትውጡ።

የቫኪዩም ታንኩን ሱቅ ውስጥ መሞከር ቀላል ነው። የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣት ዝጉ፣ እጀታውን አምስት ስድስት ጊዜ ሳቡ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁና ጣታችሁን አንሡ። አየር በኃይል ሲገባ ካልተሰማ ክዳኑ ያፈስሳል፤ ሌላ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ።