የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፦ እንግሊዝኛ ለሚማር ቤተሰብ

መግቢያው በነፃ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን ለማዳረስ መሯሯጥ አያስፈልግም፤ ሁለት ክፍል ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዋናው አዳራሽ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም 25.2 ሜትር ይረዝማል። ከሥሩ ቆሞ «ስከል» (የራስ ቅል)፣ «ሪብ» (የጎድን አጥንት)፣ «ቴይል» (ጅራት) እያሉ በጣት ማሳየት ከሥዕል መጽሐፍ ይበልጣል። መግለጫዎቹ ለሰዋስውም ይመቻሉ፦ ስለጠፉት እንስሳት ብዙውን ጊዜ በኃላፊ፣ ዛሬ ስላሉት በአሁን ጊዜ ይጻፋል፤ ልጆች «ሊቭድ» (ኖረ) እና «ሊቭስ»ን (ይኖራል) ብቻ እየለዩ ይመዝግቡ። ዘመም ብለው የተጻፉትን ሳይንሳዊ ስሞች ማስጠናት ግን ትርፉ ድካም ነው፤ በላቲን ሥርዓት የወጡ እንጂ የዕለት እንግሊዝኛ አይደሉም። የዳይኖሰሩ ክፍል በትምህርት ቤት ዕረፍት ይጨናነቃል፤ በዚያ ጫጫታ አነጋገር ማረም አይታሰብም። ጮክ ብሎ ለማንበብ የማዕድናቱ ክፍል ይሻላል።