የልጄን ጉልበት ላዳነልን ዶክተር ምስጋና (የጉልበት ጉዳት ያለባችሁ አንብቡት)

ሰላም ወገኖቼ፣ ቢረዝምባችሁም ታገሱኝ። ልጄ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ኳስ ትጫወታለች። አንድ ቀን ማንም ሳይነካት ዞር ስትል ጉልበቷ ቋ ብሎ ወደቀች።

ከዚያ በኋላ ያየነው አበሳ! ወጌሻው አሽቶ አሽቶ አሳበጠው። አንድ ቦታ ራጅ አነሷትና አጥንቷ ደህና ነው ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙን፣ ለካ ጅማት በራጅ አይታይም። ሌላው ጋ ጀሶ አሰሩላት፣ ሲፈታ እግሯ ከስቶ ቀረ። አንዱማ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት "ሴት ልጅ ኳስ ምን ያደርግላታል፣ ትተወው" አለኝ፣ ያውም ብሬን ተቀብሎ! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባህር ዳር ያለውን የስፖርት ጉዳት ስፔሻሊስት የጠቆመን አሰልጣኟ ነው፣ እድሜ ይስጠው። ገና እንደገባን "የት ቦታ ነው የምትጫወቺው?" አላት፣ "ግራ መስመር" ስትለው ፈገግ አለ። ከዛ የታመመውን ትቶ ደህናውን ጉልበት ያዘ፣ ሳብ ለቀቅ አደረገው፣ ፍርሃቷ ሲለቃት ነው ወደ ሌላኛው የዞረው። በእጁ ብቻ "የጉልበቷ የፊተኛው ጅማት ተበጥሷል" አለ፣ ኋላ የተነሳችው ኤምአርአይም (ጅማት የሚያሳየው ምርመራ) ያንኑ አለ። እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም በእውነት!

ልጄ አፏ አያርፍም፣ "ዶክተር፣ ስንት ዓመት ቢማሩ ነው?" አለችው። ሳይሰለች ነገራት፣ ጠቅላላ ሐኪም ለመሆን ስድስት ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ የአጥንት ስፔሻሊቲ አራት አምስት ዓመት፣ ከዛ ደግሞ ጉልበትና ትከሻ ላይ ብቻ ፌሎሺፕ የሚሉት ተጨማሪ ሥልጠና። በጣቷ ቆጥራ "ኧረ እኔ እስከዛ ጫማ እሰቅላለሁ" ስትል ነርሶቹ ሁሉ ሳቁ።

ቀዶ ጥገናውን በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብተው ከራሷ ጅማት ወስደው ጠገኑት አሉ፣ ከዚህ በላይ እኔን አትጠይቁኝ። "ዘጠኝ ወር ሳይሞላሽ ኳስ ብትነኪ ተጣልተናል" ብሎ አስጠንቅቋት ነበር፣ ፊዚዮዋን (የማገገሚያ እንቅስቃሴዋን) ሳታጓድል ሠርታ ይኸው አሁን ልምምድ ጀምራለች። እግዚአብሔር ይስጥልን ዶክተር!

የዶክተሩን ስም ያልጻፍኩት ራሱ "ስሜን አትጻፍ" ስላለኝ ነው፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ብቻ ሂዱ፣ አትዘግዩ፣ በየሰፈሩ አታሳሹት። ኤምአርአይ ያነሳችሁ ሲዲውን ጭምር ያዙ፣ ወረቀቱን ብቻ አይቶ አይወስንም።