የሃርድዊኳ ቤስ የዘር ሐረግ ቻርት፦ ኅትመቱ ያምራል፣ መስመሩ ግን ይፈተሽ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ለትምህርት ቤቶች የሚሸጠው ይህ የእንግሊዛዊቷ ባላባት የቤስ ሃርድዊክ የዘር ሐረግ ቻርት ኤ1 ነው (59.4 በ84.1 ሴንቲ ሜትር)። በባነርም በፎቶ ወረቀትም ይታተማል። ወረቀቱን ይምረጡ፤ ባነሩ ከሩቅ ቢያምርም ከስሞቹ ሥር ያሉት ደቃቅ ቁጥሮች ይደበዝዛሉ። ቀለሙ እንከን የለውም። ችግሩ ያለው ዘር ቆጠራው ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ሴት አራት ጊዜ ብታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። በቱዶር ነገሥታት ዘመን (በ16ኛው መቶ ዓመት) እንግሊዝ ግን መጠሪያዋ ከባሏ ጋር ይለወጥ ነበር። ኤልሳቤጥ ሃርድዊክ፣ በቁልምጫ ቤስ፣ መጀመሪያ ሮበርት ባርሎውን፣ በ1547 እ.ኤ.አ. ሰር ዊልያም ካቨንዲሽን፣ በ1559 ሰር ዊልያም ሴንት ሎን፣ በመጨረሻም የሽሩስበሪውን ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጆርጅ ታልቦትን አገባች። ቻርቱ «እመቤት ካቨንዲሽ» እና «የሽሩስበሪ እመቤት» ብሎ ሁለት ሳጥን ሰጥቷታል። ስሕተቱ እዚያ አያበቃም፤ ልጆቿ የሌላ ሴት ልጆች መስለው ይታያሉ። ስምንቱንም የወለደችው ከካቨንዲሽ ነው፤ ስድስቱ አደጉላት። ከሌሎቹ ሦስት ባሎቿ አልወለደችም።

በ1568 ልጇ ሄንሪ የታልቦትን ልጅ ግሬስን፣ ልጇ ሜሪ ደግሞ የታልቦትን ልጅ ጊልበርትን አገቡ። ሜሪ 12፣ ግሬስ 8 ዓመቷ ነበር። ቻርቱ አራቱንም በአንድ የደም መስመር ስላሰራቸው እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር አንባቢ «እህቱን አገባ እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ያገቡት የእንጀራ አባታቸውን ልጆች ነው፤ ሥጋ ዝምድና የለም። ጋብቻ በድርብ፣ ልደት በነጠላ መስመር ይሰመር ቢሏቸው ያስተካክላሉ።

ቤስ የሞተችበትም ቀን ይፋለሳል። አንድ ቦታ 1607፣ ሌላ ቦታ 1608 ይላል። በጊዜው የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት ላይ፣ በእነሱ ማርች 25 ነበር፤ ስለዚህ ፌብሩዋሪ 13 በድሮው አቆጣጠር 1607፣ በዛሬው 1608 ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት እየቀነሰ ላደገ ሰው ይህ አያስቸግርም፤ ብቻ አንዱን ይያዙ። አንዳንዱን ቁጥር ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው ሌላውን መተዋቸው ግን ያናድዳል።

የታችኛው ቅርንጫፍ በደንብ ተሠርቷል። ልጇ ዊልያም በ1618 የዴቨንሺር ኧርል ሆነ፤ ቻትስወርዝ የተባለው ታላቅ ቤት መኖሪያቸው የሆነው የዴቨንሺር ዱኮች ከእሱ ይወርዳሉ። ልጇ ኤልሳቤጥ ካቨንዲሽ በ1574 ቻርልስ ስቱዋርትን አግብታ በ1575 አርቤላን ወለደች። እዚህ ጋ ግን የቻርልስ እናት ማርጋሬት ዳግላስ ተዘላለች። የእንግሊዝ ንጉሥ የሰባተኛው ሄንሪ ልጅ ማርጋሬት ቱዶር የወለደቻት እሷን ስለሆነ፣ ካልገባች አርቤላ ለዘውዱ ለምን እንደታጨች አይገባም።

ሲያዙ መጀመሪያ በኤ3 ጥቁርና ነጭ ናሙና ያስወጡ፤ የኤ1 ሩብ ስለሆነ ይነበባል። የራስዎን ጽሑፍ በፍላሽ ካመጡ ፊደሉ ወደ ቅርጽ የተለወጠ ፒዲኤፍ ይሁን፤ አለዚያ ማሽናቸው ላይ የእርስዎ ፎንት ከሌለ ግዕዙ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ላሚኔሽኑን የማያብረቀርቀውን ይጠይቁ፤ አብረቅራቂው መስኮት ፊት ለፊት ከተሰቀለ አይነበብም። ላሚኔት ከመደረጉ በፊት ስም በስም ያንብቡት፤ ከዚያ በኋላ የሚገኝ ስሕተት የሚታረመው እንደ አዲስ ኅትመት ተከፍሎበት ነው።