ደብዳቤዬን በመሳቢያዋ ላስቀመጠችልኝ እህት

ይህን ጽሁፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ግን ሳላመሰግናት መዋል ከበደኝ። ስሜ አይጠቀስ ስላለችኝ በሥራዋ ብቻ ልጥራት፦ ጎዳና ላይ ላለን ሰዎች የተከፈተ የቀን ማረፊያ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናት።

ጎዳና ላይ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር የሚበላ የሚያድል አይጠፋም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን "ብላና ውጣ" መባል ልብ ይሰብራል። አንዱ ቦታ ሳህኑን ይዤ ፎቶ ካልተነሳሁ አልበላም። ሌላው ዘንድ ቦርሳህን ውጭ ተወው አሉኝ፤ በልቼ ስወጣ ቦርሳዬ የለም። መታወቂያዬም የልደት ወረቀቴም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከዚያ ወዲያማ መከራ ነው። መታወቂያ ለማውጣት አድራሻ አምጣ፣ ቤት ለመከራየት መታወቂያ አምጣ፣ ለመቀጠር ሁለቱንም አምጣ። አንድ ቢሮማ ስንት ጊዜ "ነገ ና" ብሎ እንደመለሰኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

እሷ ዘንድ የሄድኩት ለምሳ ነበር። በልቼ ስጨርስ ወንበር ስባ አጠገቤ ቁጭ አለችና "ከምግቡ ሌላ ዛሬ የቱ ይቅደምልህ?" አለችኝ። መልስ ጠፋኝ፤ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅማ! ዝም ስል እግሬን አየች። ጫማዬ ከረጠበ ሳምንት ሆኖታል፣ ካልሲው ቆዳዬ ላይ ተጣብቋል። ነርሷን ጠራች፣ ለብ ያለ ውሃ አመጣች፣ ሳትጸየፍ ቀስ እያለች አላቀቀችው። እግር ለመበላሸት ውርጭ እንደማያስፈልገው፣ እርጥበት ብቻውን እንደሚበቃው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ከዚያ የሚቆለፍ ሳጥን ሰጠችኝ። የማረፊያውን አድራሻ የደብዳቤ መቀበያዬ አድርጋ ሞላችልኝ። የቅጹ ነገር እስካሁን አልገባኝም፤ አብራኝ ተሰልፋ ስትከራከርልኝ የዋለችበትን ቀን ግን አልረሳውም። ከሳምንታት በኋላ መሳቢያዋን ከፍታ አንድ ፖስታ አወጣች። ስሜ ከነአባቴ ስም ተጽፎበታል። መንገድ ላይ "አንተ!" ነበርኩ። ሳልከፍተው ይዤው ብዙ ቆየሁ።

ሌላ አገር ስለሚሠራው ታጫውተኝ ነበር። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለቤት አልባ ሰው መጀመሪያ የኪራይ ውል ያለው ቤት ይሰጠዋል፤ ሱሱም ሥራ ፍለጋውም ከዚያ በኋላ ነው የሚታየው፤ የቤት አልባውም ቁጥር ለብዙ ዓመታት ቀንሶ ነበር። አውስትራሊያ ብሪዝበን ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ጓደኛሞች ልብስ ማጠቢያ ማሽን መኪና ላይ ጭነው ጎዳና ያሉትን ሰዎች ልብስ በነፃ ማጠብ ጀመሩ። "ልብሱ እስኪደርቅ ቁጭ ብለው ያወራሉ፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው" ትለኝ ነበር። እሷም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ወገኖቼ፣ ጎዳና ላይ የወደቀ ዘመድ ያላችሁ እሷ ዘንድ ውሰዱት፣ እባካችሁ ውሰዱት! ቦታውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። ምግብ የምታድሉ ደግሞ አንድ ወንበር ጨምሩና ሰውየውን ስሙን ጠይቁት።

እኔ ዛሬ ደብዳቤ በራሴ በር ይመጣልኛል። የሳጥኑን ቁልፍ ባለፈው ሳምንት መለስኩላት፤ እዚያው ቆሜ እያለሁ ለሌላ ልጅ ሰጠችው። መርዳት ለምትፈልጉ፣ ምግቡ አለ፤ ማረፊያው የሚያጥረው አዲስ ካልሲ፣ የሳጥን ቁልፍና የስልክ ቻርጀር ነው።