ባትሪው ሳይሆን ገመዱ ነበር
ሞተር ሳይክሌ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላት ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለች። መብራቱ ይበራል፣ ስታርት ስጫን ግን ጠቅ ብላ ጭጭ። የገዛሁበት ሱቅ ወሰድኳት። ሳይነኩ እንኳ «ባትሪው ሞቷል፣ ባትሪ ደግሞ ዋስትና የለውም» አሉኝ።

የሰፈሬ መካኒክ በቴስተር ሲለካው ባትሪው 12.6 ቮልት፣ ሙሉ ነው። ስታርት እየጫንኩ የባትሪውን የኔጌቲቭ ገመድ ሁለት ጫፍ ሲለካ ግን ከ2 ቮልት በላይ እዚያው ገመዱ ላይ ይባክናል፤ ደህና ገመድ ላይ ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። ላስቲኩን ቢገፈው ውስጡ አረንጓዴ ዝጓል፣ ግማሹ ሽቦ ተበጣጥሷል። ለመብራት ይበቃል፣ ሞተሩን ለሚያስነሳውና ብዙ ኤሌክትሪክ ለሚስበው ሞተሪኖ ግን አይበቃም።

ቪዲዮ ቀርጬ ተመለስኩ። ሦስት ቀን «ነገ ና» ካሉኝ በኋላ ገመዱን በነፃ ቀየሩልኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም እኮ! ለሞተሯ ከአምስት አራት፣ ለሱቁ አንድ።